የገና ልማዶች ታሪክ፦ አጎቴ የላከልኝ መልእክት እውነት ነው ወይ?

#1 ጥያቄ አብዢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ስልኬ ላይ ከች የምትል መልእክት አለች። ዘንድሮም አልቀረችም። የላከልኝ አጎቴ ነው። ለእሱ ማን እንደላከለት እግዜር ይወቀው። ባጭሩ የምትለው ይሄን ነው፦ ዲሴምበር 25 የፀሐይ አምላክ ልደት ነው። የገና ዛፍ ኤርምያስ 10 ላይ ተወግዟል። ስጦታ መሰጣጣት ሮማውያን ለሳቱርን ከሚያከብሩት በዓል የተወረሰ ነው። የገና አባትን ኮካ ኮላ ነው የፈጠረው። የሁሉም ሥር ባቢሎን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለ10 ሰው ሳታስተላልፍ እንዳትተኛ» የምትል ማስፈራሪያ አለች።

አጎቴን አከብረዋለሁ። ግን «አሜን» ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። «ውሸት ነው» እንዳልል ደግሞ እኔም አላውቀውም። የምታውቁ ካላችሁ አንድ በአንድ አስረዱኝ። የፈለግሁት የሃይማኖት ክርክር አይደለም፣ ታሪኩን ብቻ ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጉት፣ አለዚያ እንምታታለን።

#2 የሰፈር ጠበቃ

ምን ያከራክራል? አጎትሽ ልክ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ኢየሱስ የተወለደበትን ቀን አይናገርም። እረኞቹም ሌሊት ሜዳ ላይ ነበሩ ይላል፣ በዚያ ብርድ ማን መንጋ ይዞ ውጭ ያድራል? ቆስጠንጢኖስ ነው የፀሐይ አምላኪዎቹን በዓል ወስዶ ስሙን የቀየረው። መዝገቡ ተዘግቷል።

#3 ሰነድ አምጡ

ጠበቃችን ከሳሽም ዳኛም ሆኖ መጣ። እስቲ መዝገቡን መልሰን እንክፈተው።

መጽሐፍ ቅዱስ ቀኑን አለመናገሩ እውነት ነው። ሉቃስ ግን ወቅቱንም አልጻፈም፣ ስለዚህ እረኞቹ ላንተም ለእኔም አይመሰክሩም። ቆስጠንጢኖስን በተመለከተ፣ በ321 እሑድን የዕረፍት ቀን ያደረገበት ሕግ አለ። ስለ ዲሴምበር 25 ያወጣው ሕግ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው። ስለ ቀኑ የሚከራከር ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አንድ ሰነድ ጋ ነው። በ354 ሮም ውስጥ ፊሎካሉስ የተባለ ቁም ጸሐፊ ለአንድ ባለጸጋ ክርስቲያን ያዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ ነው። ውስጡ ብዙ ዝርዝር አለ። አንዱ የሰማዕታት መታሰቢያ ዝርዝር ነው። ከመነሻው «ዲሴምበር 25፣ ክርስቶስ በይሁዳ ቤተልሔም ተወለደ» ይላል። ሊቃውንት ይሄ ክፍል የተጠናቀረው በ336 ነው ይላሉ። እዚያው ጥራዝ ውስጥ ደግሞ የመንግሥት በዓላት ዝርዝር አለ። እሱም ዲሴምበር 25 ላይ «የማይሸነፈው ልደት፣ 30 የሠረገላ ግጥሚያ» ብሎ ጽፏል። የማይሸነፈው የተባለው ፀሐይ ነው።

አያችሁ? ሁለቱ በዓላት የተገኙት አንድ ጥራዝ ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ለማይሸነፈው ፀሐይ ቤተ መቅደስ ያቆመው በ274 ነው፣ ይሄ አያጠያይቅም። በዓሉ በዲሴምበር 25 ይከበር እንደነበር የሚናገረው የመጀመሪያው ሰነድ ግን ይኸው የ354ቱ ነው። ማን ከማን ወሰደ ለሚለው ጥያቄ ሰነዱ አፉን አይከፍትም።

#4 ሌሊት ወፍ

ሰነድ አምጡ በመጣህ ቁጥር ነገር ይወሳሰባል 😄 ታዲያ ከፀሐይ ካልወሰዱት ቀኑን ከየት አመጡት? መቼም ዕጣ አላወጡበትም።

#5 ባሕረ ሐሳብ

ልጄ፣ ዕጣ ሳይሆን ቆጠራ ነው። በምዕራቡ በኩል ጌታ የተሰቀለው ማርች 25 ነው የሚል አቆጣጠር ነበር። ተርቱሊያን የተባለ የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ በ200 አካባቢ ይህንኑ ቀን ይጠቅሳል። አውግስጢኖስ ኋላ ላይ አፍታቶ ጻፈው፦ የተፀነሰውም የተሰቀለውም ማርች 25 ነው፣ የተወለደው ዲሴምበር 25። ከፅንሰቱ ዘጠኝ ወር ቁጠሪ፣ ልክ ይመጣል። በምሥራቅ ደግሞ ስቅለቱን ኤፕሪል 6 የሚያደርጉ ነበሩ። ከዚያ ዘጠኝ ወር ስትቆጥሪ ጃንዋሪ 6 ላይ ታርፊያለሽ። አርመኖች ልደቱን ከጥምቀቱ ጋር አንድ አድርገው እስከ ዛሬ የሚያከብሩት በዚሁ በጃንዋሪ 6 ነው። ይህን የቆጠራ አስተያየት በሰፊው ያቀረበው ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ ነው፣ በ1889።

አንድ ልጨምር። የጥንቶቹ አባቶች የልደት ቀን ማክበርን ራሱን አይወዱትም ነበር። ኦሪገን በ3ኛው መቶ ዘመን «በመጽሐፍ ልደታቸውን አክብረው የምናገኛቸው ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው፣ ሁለቱም በዕለቱ ደም አፍስሰዋል» የሚል ሐሳብ ጽፏል። ዮሐንስ አፈወርቅም በ386 አንጾኪያ ላይ ሲሰብክ ይህ በዓል እኛ ዘንድ ከታወቀ ገና 10 ዓመት አልሞላውም ይላል። «አዲስ ነገር አመጣችሁብን» የሚሉ ሰዎች ነበሩበት፣ ለእነሱ ነው መልስ የሚሰጠው።

#6 ጥያቄ አብዢዋ

ጋሼ ባሕረ ሐሳብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማለት በዚያ ዘመንም «ይሄ በዓል ከየት መጣ» እየተባለ ይከራከሩ ነበር? አጎቴ ብቻውን አይደለም ለካ።

#7 ሰነድ አምጡ

ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር ልከራከር፣ በአክብሮት። አውግስጢኖስ የጻፈው በዓሉ ከተተከለ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀኑ ከተያዘ ወዲያ ምክንያት ተፈልጎለት ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፣ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ያም ሆኖ ቆጠራው ይበልጥ ያሳምነኛል። ምሥራቅና ምዕራብ ከተለያየ ቀን ተነሥተው ሁለቱም በዘጠኝ ወር ልዩነት ላይ ደረሱ። ይሄ በአጋጣሚ የሚመጣ አይመስለኝም።

#8 የሰፈር ጠበቃ

እኔም ሰነድ አለኝ። አንድ የሶርያ ክርስቲያን ራሱ በግልጽ ጽፎታል፦ አረማውያን ዲሴምበር 25 ላይ የፀሐይን ልደት እያከበሩ መብራት ያበሩ ነበር፣ ክርስቲያኖችም አብረው ይሄዱ ነበር፣ ስለዚህ ሊቃውንቱ የልደቱን በዓል ወደዚያ ቀን አዛወሩት። የራሳችሁ ሰው ምስክርነት ነው። ምን ትሉታላችሁ?

#9 ሰነድ አምጡ

ጥሩ ምስክር ነው፣ ግን የዘገየ ምስክር ነው። ያ ጽሑፍ ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ የተባለው የሶርያ ጳጳስ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ጳጳሱ የ12ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። በዓሉ ከተጀመረ 800 ዓመት ገደማ አልፏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማስታወሻው የሚከራከረው ጃንዋሪ 6ን ለመደገፍ ነው፣ የምዕራቡን ቀን ማጣጣል ይፈልጋል። ጠበቃ ነህና ታውቀዋለህ፣ ጥቅም ያለው ምስክር እንዴት እንደሚመዘን።

#10 የሰፈር ጠበቃ

ተቀባይነት የለውም ብለህ ጣልከው ማለት ነው። ይግባኝ እላለሁ።

#11 ሻማ ለኳሽ

ሳቱርናሊያን፣ ማለት ያቺን የሳቱርን በዓል፣ ማንም አልነካትም። ሮማውያን ከዲሴምበር 17 ጀምረው እስከ 23 ድረስ ነበር የሚፈነጥዙት። ጌታ ባሪያውን ማዕድ ላይ ያስተናግድ ነበር፣ ቁማር ይፈቀድ ነበር፣ ሰው ለሰው የሰም ሻማና የሸክላ ምስል ይሰጣጥ ነበር። ደስ የሚል በዓል ነው መቼም። ግን 25 ላይ አይደርስም። ቀን መውረስ ከፈለጉ 17ን መውሰድ ነበረባቸው።

የበዓሉ መንፈስ ግን ተሻግሯል ብል አላፍርም። ያው ሕዝብ፣ ያው ከተማ፣ ያው ጨለማ ወር ነው። ሰው ሃይማኖት ሲቀይር መብላት መጠጣቱን አይቀይርም።

ስለ ሻማ ካነሳን አይቀር፣ እኔ ለብዙ ዓመት ጥንታዊ የሚመስለኝ ነገር ቢኖር ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች እየተራ ሻማ የሚለኮስበት ክብ አበባ ነው። ለካ በ1839 ነው የተጀመረው። ቪሸርን የሚባል የሃምቡርግ ቄስ ድሆች ልጆችን ያሳድግ ነበር። ልጆቹ «ገና ስንት ቀን ቀረው?» እያሉ ሲነዘንዙት ጊዜ ከጋሪ መንኮራኩር ላይ ሻማ ደረደረላቸው። ትልልቁ ለእሑድ፣ ትንንሹ ለሥራ ቀን። በየቀኑ አንድ ይለኮሳል። በልጅ ንዝንዝ የተጀመረ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው፣ ሌላ አላውቅም።

#12 የእንጨት ሰው

ዛፉን ለእኔ ተዉት። መተዳደሪያዬ እንጨት ነው። ስለዚህ ኤርምያስ 10 ላይ ያለውን ሰው በሥራው አውቀዋለሁ፣ አናጢ ነው። ከዱር ዛፍ ይቆረጣል፣ በመሣሪያ ይጠረባል፣ በብርና በወርቅ ይለበጣል፣ እንዳይነቃነቅ በምስማር ይቸነከራል። መልእክቷ እዚህ ላይ ታቆማለች። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ፦ አይናገርም፣ መራመድ ስለማይችል ይሸከሙታል፣ አትፍሩት ይላል። ቅርንጫፉ ያልተነካ ጥድን «አይናገርም» ብሎ የሚነቅፍ ማን ነው? የሚያወራው ስለ ተቀረጸ ጣዖት ነው።

እውነተኛው የገና ዛፍ የሚነሳው ከባቢሎን ሳይሆን ከራይን ወንዝ ዳር ነው። በመካከለኛው ዘመን ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበር። በጀርመን አገር በዚያ ቀን ስለ ገነት ተውኔት ያሳዩ ነበር። ገነት ያለ ዛፍ አይሆንም። በዚያ ብርድ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኘው ጥድ ነው። እሱን አቁመው ፖም ያንጠለጥሉበታል። አሁን የምንሰቅለው ቀይ ኳስ የዚያ ፖም የልጅ ልጅ ነው ቢባል ይገባኛል።

በ1605 በስትራስቡርግ ያለፈ አንድ መንገደኛ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ጥድ አቁመው ከባለቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ቅጠልና ስኳር እንደሚሰቅሉበት ጽፏል። ልብ በሉ፣ ሻማ የለበትም። ማርቲን ሉተር ከዋክብትን በጥድ መሐል አይቶ ሻማ ለኮሰበት የሚባለው ተረት ነው። ሉተር የሞተው በ1546 ነው፣ በዘመኑ ይህን የጻፈ ሰው የለም። የሰባኪው የቦኒፋስም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ጋይስማር ላይ አረማውያን የሚያመልኩትን የኦክ ዛፍ መቁረጡ በገድሉ ተጽፏል። እንጨቱንም አላባከነውም፣ ጸሎት ቤት ሠራበት (እጁን ይባርክ)። ከጉቶው ሥር ጥድ በቀለ የሚለው ግን ኋላ የተቀጠለ ነው።

#13 ጥያቄ አብዢዋ

አናጢ ኤርምያስን ሲተረጉም የመጀመሪያዬ ነው፣ በጣም ነው የወደድኩት። ግን ከስትራስቡርግ ወጥቶ ዓለምን እንዴት አዳረሰ?

#14 የእንጨት ሰው

በጋብቻና በጋዜጣ። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 3ኛ ሚስት ንግሥት ሻርሎት ጀርመናዊት ናት። በ1800 ዊንዘር ላይ ለልጆች ድግስ ዛፍ አቆመች። ያኔ የመኳንንት ነገር ሆኖ ቀረ። በ1848 ግን አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርት ከልጆቻቸው ጋር ዛፍ ከበው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቤት ዛፍ ፈለገ።

የሚያስቀኝ የአሜሪካኖቹ ነው። በ1850 አንድ የሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል ወሰደ። ግን አሜሪካ ንጉሥ አትወድም። ስለዚህ የቪክቶሪያን ዘውድ ከራሷ ላይ አነሱት፣ የአልበርትን ሪዝ ላጩት፣ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ አድርገው አተሙት። ፎቶ ማቀነባበር ዛሬ አልተጀመረም።

መብራቱ ደግሞ የኤዲሰን ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን ነው። በ1882 ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች በእጁ አገናኝቶ ዛፉን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሽከረከር አደረገው። ደረቅ ጥድ ላይ እውነተኛ ሻማ መለኮስ ምን ማለት እንደሆነ እኔ እንጨት የማውቀው ልንገራችሁ፦ እብደት ነው። ካቶሊኮች ደግሞ ለብዙ ዘመን «የፕሮቴስታንት ነገር» ብለው ሸሽተውት ነበር። ቫቲካን አደባባይ ላይ የቆመው በ1982 ነው፣ በዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጊዜ።

#15 አልሸወድም

ሁላችሁም ተከፍሏችሁ ነው የምትጽፉት። ጣዖት ጣዖት ነው፣ በዓመት አይነጻም።

#16 አወያይ

አንድ ስድብ ያለበት መልስ አንስቻለሁ። የተከፈለው ሰው ካለ ለመድረኩም ያካፍል። ወደ ጉዳዩ።

#17 የሰፈር ጠበቃ

እሺ ባቢሎንን ልተው። የሰሜን አውሮፓውያን ዩልስ? ቫይኪንጎቹ በክረምት አጋማሽ ይጠጡ፣ ያርዱ ነበር። ዛሬም በስዊድንና በኖርዌይ ቋንቋ ገና «ዩል» ነው የሚባለው። ይሄንንም ተረት ልትሉት ነው?

#18 ሰነድ አምጡ

አልልም። እዚህ ላይ ረትተሃል።

የኖርዌይ ነገሥታት ታሪክ እንደሚለው ንጉሥ ሆኮን፣ በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረ ክርስቲያን ነው፣ ዩል ክርስቲያኖች ልደትን በሚያከብሩበት ቀን እንዲከበር ሕግ አወጣ። ሰው ሁሉ ጠላ ጠምቆ ጠላው እስኪያልቅ በዓሉን ማክበር ነበረበት። ይሄ እውነተኛ መቀላቀል ነው፣ በሕግ የተደረገ። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳም በ725 በጻፈው ስለ ዘመን አቆጣጠር ሥራው፣ ሕዝቡ ክርስትናን ሳይቀበል በፊት በዲሴምበር 25 ዋዜማ «የእናቶች ሌሊት» የሚሉት በዓል እንደነበራቸው ይናገራል።

ከዚህም የሚበልጥ ሰነድ አለ። በ601 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚጓዘው ለሜሊቶስ ደብዳቤ ላከ። ጣዖቱን ስበሩ፣ ቤተ መቅደሱን ግን አታፍርሱ፣ ጠበል ረጭታችሁ ተጠቀሙበት፣ በሬ ማረዳቸውንም አትከልክሉ፣ ለእግዚአብሔር ክብር ይረዱ ይላል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አውቃ አልተቀበለችም የሚል ካለ ይሄን ያንብብ። ነገር ግን ይሄ የሰሜን ታሪክ ነው። በሮም ቀኑ ከተያዘ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ የመጣ።

#19 የሰፈር ጠበቃ

በከፊል ተፈረደልኝ። ወጪና ኪሳራ ይታሰብልኝ 😎

#20 ሌሊት ወፍ

ፈረንጆቹ በገና የሚሰቅሉት ተቀጽላ ሥር መሳሳምስ? ያ እንኳ የድሩይዶች፣ የጥንት ኬልቶች ካህናት፣ መሆን አለበት።

#21 ሰነድ አምጡ

ሮማዊው ፕሊኒ ድሩይዶች ከኦክ ዛፍ ላይ ተቀጽላ በወርቅ ማጭድ ሲቆርጡ ጽፏል። መሳሳም ግን አልጻፈም፣ ስለ ገናም አልጻፈም። መሳሳሙ የ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ወጣቶች ፈጠራ ነው። ድሩይዶቹን በከንቱ አትሟቸው።

#22 ቀይ ካልሲ

የገና አባት ተራ ደረሰ። ስሜን ያያችሁ ስንት ጊዜ እንደጠበቅሁት ይገባችኋል።

መነሻው እውነተኛ ሰው ነው። ኒኮላስ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የሚራ ጳጳስ፣ አገሩ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነው። በጣም የታወቀው ታሪኩ ይሄ ነው፦ አንድ ድሃ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት ጥሎሽ አጣ፣ ሊሸጣቸው ተቃረበ። ኒኮላስ በሌሊት ተደብቆ በመስኮት ወርቅ ወረወረላቸው። በሌሊት ተደብቆ መስጠት የሚባለው ነገር ከዚህ ነው የመጣው። በ1087 የባሪ መርከበኞች አጽሙን ከሚራ ወስደው ጣሊያን አስገቡት። መታሰቢያው ዲሴምበር 6 ነው። ልጆች ስጦታ የሚያገኙትም በዚያ ቀን ነበር። የተሐድሶ ሰዎች (ፕሮቴስታንቶቹ) የቅዱሳንን በዓል ሲያስቀሩ ጊዜ ጀርመን አገር ስጦታው ወደ ገና ተሻገረ፣ ሰጪውም ሕፃኑ ክርስቶስ ነው ተባለ። ስለዚህ ስጦታችን ከሳቱርን ይልቅ የኒኮላስ ዕዳ አለበት።

ደቾቹ ግን ኒኮላስን አልተዉትም፣ «ሲንተርክላስ» እያሉ አቆዩት። ሳንታ ክሎስ የሚለው ስም የዚያ ስብራት ነው። ኒውዮርክ ላይ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጸሐፊዎች አነሱት። በ1823 ትሮይ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ የወጣ ግጥም ስምንት አጋዘን አሰረለት፣ በጭስ ማውጫ አስገባው፣ ሳቂታና ድቡልቡል አደረገው። ጳጳስነቱ በዚያው ቀረ።

መልኩን ያበጀው ቶማስ ናስት ነው፣ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የጋዜጣ ሠዓሊ። የመጀመሪያው ሥዕሉ በ1863 መጀመሪያ ወጣ። የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበሩ። የገና አባት የአሜሪካን ባንዲራ የመሰለ ልብስ ለብሶ ለሰሜን ወታደሮች ስጦታ ያድላል። ፕሮፓጋንዳ ነው እንግዲህ። ኮካ ኮላ የመጣው በ1931 ነው፣ ሠዓሊው ሃደን ሰንድብሎም። ያኔ ቀይ ካባ የለበሰ የገና አባት በፖስት ካርድ ላይ ሞልቶ ነበር። ኩባንያው አልፈጠረውም። ግን ያንን አንድ መልክ በየዓመቱ በዓለም ላይ እየደጋገመ ሌሎቹን ሁሉ አስረሳ። ዘጠነኛው ባለቀይ አፍንጫ አጋዘን ደግሞ አንድ የአሜሪካ ሱቅ በ1939 ለደንበኛ ልጆች ካደለው መጽሐፍ የወጣ ነው። እሱ ንጹሕ ማስታወቂያ ነው፣ እዚያ ላይ ከአጎትሽ ጋር ነኝ።

#23 ዝምተኛው

አንብቤ ብቻ ልወጣ ነበር፣ አላስቻለኝም። ስለ ግርግሙ ማንም አላነሳም። የሕፃኑን፣ የበሬውንና የአህያውን ትዕይንት በሰፊው ያስለመደው የአሲሲው ፍራንሲስ ነው፣ በ1223 ግሬቾ የምትባል መንደር ውስጥ። እውነተኛ ድርቆሽ፣ እውነተኛ በሬ፣ እውነተኛ አህያ አምጥቶ ቅዳሴ አስቀደሰ። የሚገርመው በሬና አህያ ወንጌል ላይ የሉም። ኢሳይያስ 1፥3 ላይ በሬ ገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ ያውቃል ስለሚል ከዚያ ገቡ። ሰብአ ሰገልም ሦስት ናቸው አይልም ማቴዎስ። ስጦታው ሦስት ስለሆነ ሰጪውን ሦስት አደረግነው። ኮሎኝ ካቴድራል ግን አጽማቸው እዚህ ነው ይላል፣ በ1164 ከሚላን መጥቶ። ሦስቱም 🙂

#24 ሌሊት ወፍ

ወይ ጉድ። አንድ የቀረኝ፦ እነ ሩሲያና ሰርቢያ ለምን ጃንዋሪ 7?

#25 ባሕረ ሐሳብ

እነሱም ዲሴምበር 25 ነው የሚያከብሩት፣ በዩልየስ አቆጣጠር። በ1582 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያርም ኦክቶበር 4 ዋለና ማግሥቱ ኦክቶበር 15 ሆነ። እርማቱን ያልተቀበሉት በአሮጌው ቀጠሉ። ልዩነቱ አሁን 13 ቀን ነው። ቆሞ አይጠብቅም፣ በ2100 ወደ 14 ይገባል። ያኔ ሕግ ካልተለወጠ በ2101 በዓሉ ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። የዚያን ጊዜ ሰዎች ደግሞ ሌላ ክር ይከፍታሉ።

#26 ሰነድ አምጡ

ጥያቄ አብዢዋ፣ ከመውጣቴ በፊት የአጎትሽን መልእክት ራሷን እንመርምር። ስለ ገና ብዙ አወራን፣ ስለ እሷ አላወራንም።

ገና የጣዖት ነው ብለው መጀመሪያ አጥብቀው የጮኹት አምላክ የለሾች አይደሉም፣ እጅግ ጥብቅ ክርስቲያኖች ናቸው። ስኮትላንድ በ1640 የገናን ዕረፍት በሕግ ሰረዘች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1647 በዓሉን ከለከለ። ብዙ ጊዜ ክሮምዌል ከለከለ ይባላል፣ እሱ ግን የአገሪቱ ገዢ የሆነው በ1653 ነው። በዚያው በ1647 የካንተርበሪ ከንቲባ በገና ቀን ሱቅ ክፈቱ ቢል ሕዝቡ ተነሥቶ ሱቆቹን ሰባበረ። እገዳው የተነሳው ንጉሡ በ1660 ሲመለስ ነው። የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ደግሞ በ1659 ገናን ሥራ ፈትቶ ወይም ደግሶ ያከበረ 5 ሽልንግ ይቀጣ አሉ። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ገና ሥራ የሚዘጋበት ሕዝባዊ በዓል የሆነው በ1958 ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ከሕጉ መሻር ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1687፣ ኢንክሪስ ማዘር የተባለ የቦስተን ሰባኪ ገና ዲሴምበር ላይ የዋለው ሳቱርናሊያ በዚያ ወር ስለሆነ ነው ብሎ ጻፈ። ባቢሎኗን በደንብ የጨመረው ደግሞ አሌክሳንደር ሂስሎፕ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ነው፣ በ1850ዎቹ። ዓላማው የሮም ቤተ ክርስቲያንን መምታት ነበር። ማስረጃው የስም መመሳሰል ነው፣ አንዱ ስም ሌላውን ስለመሰለ ብቻ ዘመድ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ መልእክቷ ከቪሸርን መንኮራኩር ትበልጣለች። ከሳንታ ክሎስ አጋዘኖችም ትበልጣለች። 330 ዓመት አልፏታል። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ትመጣለች፣ ሰው ለሰው ያቀባብላታል። እሷም ራሷ የገና ልማድ ናት።

#27 የሰፈር ጠበቃ

ይሄን የመጨረሻውን ይግባኝ አልልበትም።

#28 ጥያቄ አብዢዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ለአጎቴ ጻፍኩለት። ፀሐዩ ላይ «እኩል ለእኩል ነው» አልኩት፣ ዩል ላይ «ልክ ነህ» አልኩት፣ ኤርምያስን በአናጢው አስረዳሁት፣ የዘውዱንና የሪዙን ታሪክ ጨመርኩለት። መጨረሻ ላይ መልእክቷ ከ1687 ጀምሮ እየዞረች እንደሆነ ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት መለሰልኝ፦

«ልጄ ተባረኪ። ስለ አናጢው በጣም ጥሩ ነው። ለ10 ሰው አስተላልፌዋለሁ።»